ዶክትሬት በ18 ወር? እስቲ ሂሳቡን አብረን እንስራው!

ሰሞኑን 4 ኪሎ አንዲት ማኪያቶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ የኮሌጅ ዘመን ጓደኛችን ከተፍ አለ። የአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ስልኩን አውጥቶ አንድ ማስታወቂያ አሳየን። «በቢዝነስ አስተዳደር የዶክትሬት ዲግሪ በ18 ወር! ሥራዎን ሳያቋርጡ! የመግቢያ ፈተና የለም! ቅናሹ እስከ ዓርብ ብቻ!» ይላል። ከጽሁፉ ግርጌ ካባ የለበሱ ሰዎች ቆባቸውን ወደ ሰማይ ይወረውራሉ። «የዛሬ ዓመት ተኩል አንተ ማለት አበቃ፤ ዶክተር ነው የምትሉኝ» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። የመጀመሪያውን ክፍያ ከየት እንደሚያመጣው ስንጠይቀው ለኮንዶሚኒየም ሲቆጥብ የኖረውን አውጥቶ፣ የጎደለውን ደግሞ የባለቤቱ ዕቁብ ሲደርሳት ሊሞላ እንዳሰበ ነገረን።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ሞኝ አይደለም። ብድር ሊጠይቅ የመጣን ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ አገላብጦ ውሸቱ የቱ ጋ እንዳለ በ10 ደቂቃ የሚያገኝ ሰው ነው። ታዲያ እንዴት እዚህ ወጥመድ ደጃፍ ደረሰ? ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከፍ ላለ ቦታ ተወዳድሮ ነበር፤ በስሙ ፊት «ዶ/ር» የተጻፈለት ሰው ቀድሞት ገባ። ያ ሰው ዶክትሬቱን ከየት እንዳመጣው፣ በምን ርዕስ እንደጻፈ፣ ማን እንዳማከረው የጠየቀ አልነበረም። ሁለቱ ፊደላት በቂ ሆነው ተገኙ። ጓደኛችንም «እንዲያ ከሆነማ እኔስ ምን አነሰኝ?» አለ። እውነት ለመናገር መልስ አጥተንለት ነበር።

ስለዚህ ይህ ጽሁፍ በጓደኛችን ለመሳለቅ አይደለም። እሱን የመሰሉ በየባንኩ፣ በየኢንሹራንሱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልተዋል። ከወር ደመወዛቸው ቆንጥረው «ፈጣን ዶክትሬት» ሊገዙ የሚያሰሉ ናቸው። ይህን የሚጽፈው ሰው እጅ ላይ ያለው አንድ የኮሌጅ ዲፕሎማ ብቻ ስለሆነ «ቅናት ነው» የሚል ቢኖር አንቀየምም። ነገር ግን ሂሳብ ቅናት አያውቅምና እስቲ ሂሳቡን እንስራው።

አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይኖረው፣ በሙሉ ጊዜ ተማሪነት ፒ.ኤች.ዲ. ሲሰራ በእንግሊዝ አገር ቢያንስ 3 ዓመት፣ ብዙ ጊዜ 4 ዓመት ይፈጅበታል። በአሜሪካ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች 5 ዓመት የተለመደ ነው። ትንሹን እንውሰድ፦ 3 ዓመት፣ በዓመት 45 ሳምንት፣ በሳምንት 40 ሰዓት። 5,400 ሰዓት ይመጣል። ጓደኛችን ከጠዋት እስከ ማታ ባንክ ነው የሚውለው፤ ሁለት ልጆች አሉት፤ ቅዳሜ ለቅሶና ሰርግ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ተጣጥሮ በሳምንት 10 ሰዓት ቢያገኝ ጎበዝ ነው እንለዋለን። 18 ወር ማለት 78 ሳምንት ነው። 780 ሰዓት! አንድ ሰባተኛ ማለት ነው። የቀረው ስድስት ሰባተኛ የት ሄደ? ወይ አልተሠራም፣ ወይ ሌላ ሰው ሠርቶታል።

«የለም፣ የእኔ ፒ.ኤች.ዲ. ሳይሆን ዲ.ቢ.ኤ. ነው፤ እሱ ይቀላል» ይል ይሆናል። በእርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፒ.ኤች.ዲ. በዋናነት ለመምህርነትና ለምርምር የሚያዘጋጅ ነው። ዲ.ቢ.ኤ. የሚባለው ደግሞ በሥራ ዓለም ያለ ሰው ከራሱ የሥራ መስክ አንድ ችግር አንስቶ በጥናት እንዲፈታ የታሰበ ነው። እሺ፣ ለጋስ እንሁንና ግማሹ ይበቃዋል እንበል፤ 2,700 ሰዓት። በሳምንት 10 ሰዓት ሲካፈል 270 ሳምንት ነው፤ 5 ዓመት ከምናምን። እንቅልፉን ቀንሶ፣ ሰርጉንና ለቅሶውን ትቶ፣ ከጎረቤት ተጣልቶ 20 ሰዓት ቢያገኝ 2 ዓመት ተኩል ይሆናል። ይህም አንድም ነገር ካልተበላሸ ነው።

የማይበላሽ ነገር ደግሞ የለም። የኮርሱ ጊዜ ቀላሉ ነው፤ መጽሐፍ ማንበብ፣ ፈተና መፈተን፣ አሳይመንት ማስገባት ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ጉዱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የጥናት ሐሳቡን ታቀርባለህ፤ አማካሪህ «ሰፊ ነው፣ አጥብበው» ይልሃል፤ ታጠብበዋለህ። ሁለተኛው ገምጋሚ «ጠበበ» ይላል። እንበል ርዕስህ ያልተመለሰ ብድር ነው። መረጃ ልትሰበስብ ስድስት ባንኮች ትሄዳለህ። አንደኛው የትብብር ደብዳቤ አምጣ ይላል፤ ደብዳቤውን ስታመጣ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፤ ከስብሰባ ሲመለስ «ይህ የባንኩ ምስጢር ነው» ይላል። የበተንከው መጠይቅ ሲመለስ ግማሹ ባዶ ነው፤ የቀረውን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እስክሪብቶ እንደሞላው በዓይንህ ታያለህ። አማካሪህ ለዕረፍት ይሄዳል። መብራት ይጠፋል። ኔትወርክ ይቋረጣል። ሁለት ምዕራፍ እንደገና ትጽፋለህ። በዚህ መሐል መሥሪያ ቤትህ ወደ ሐዋሳ ያዛውርሃል።

ይህ የኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነ የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ጥናት በልዩ ልዩ መስኮች ፒ.ኤች.ዲ. የጀመሩ ተማሪዎችን ተከታትሎ፣ በ10 ዓመት ውስጥ የጨረሱት 57 ከመቶ ገደማ መሆናቸውን አግኝቷል። በ10 ዓመት! እነዚህ ደግሞ በጥሩ ውጤት ተመርጠው የገቡ፣ አብዛኞቹም አበል የሚከፈላቸው ናቸው። አሜሪካኖች ኮርሱንና ፈተናውን ጨርሶ ጽሁፉ ላይ ለተንጠለጠለ ሰው የተለየ መጠሪያ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ «ከመመረቂያ ጽሁፉ በቀር ሁሉን የጨረሰ» ማለት ነው። እንዲህ ተንጠልጥሎ ያረጀ ብዙ አለ።

አበል ስንል አንድ ነገር ትዝ አለን። ማስታወቂያ አንባቢው ዘወትር የሚስተው ነገር ይህ ነው። ደህና በሚባሉት የአሜሪካ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሙሉ ጊዜ ፒ.ኤች.ዲ. ተማሪ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ እንዲያውም እየረዳና እያስተማረ አበል ያገኛል። በየመስኩ በዓመት የሚገቡት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው። ፉክክሩ አንገት ያስደፋል፣ ሥራህንም ጥለህ መሄድ አለብህ። ፈጣኑ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ማንንም ይቀበላል፤ ፈተና የለም፤ ሥራህን አታቁም ይልሃል፤ ክፍያው ግን ካንተ ነው። በሩ ይህን ያህል ወለል ብሎ የተከፈተበት ምክንያት ምንድነው ብሎ መጠየቅ ደግ ነው።

እንዲህ ስንል «እኔ የምገባበት ሕጋዊ ዕውቅና ያለው ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ለዚህም አንድ እውነተኛ ታሪክ እንጥቀስ። ዋልደን ዩኒቨርሲቲ የሚባል በአሜሪካ ሕጋዊ ዕውቅና ያለው፣ ለትርፍ የተቋቋመ፣ በኢንተርኔት የሚያስተምር ተቋም አለ። የቢዝነስ ዶክትሬትም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የቀድሞ ተማሪዎቹ ሜሪላንድ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱት። ሜሪላንድ ሲባል ለኛ ሰው ባዕድ አገር አይደለም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው እዚያ ነው፤ ሌሊት እየሠራ ቀን የሚማር ስንት ወገን አለን! የክሱ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ ዶክትሬቱ የሚፈጀውን ጊዜና ገንዘብ አሳንሶ ነገረን፤ ኮርሱን ከጨረስን በኋላ የመመረቂያ ጥናቱ ማለቂያ አጣ፤ ጥቁሮችንና ሴቶችን ለይቶ ዒላማ አደረገ የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲው ክሱን አላመነም። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ጉዳዩን ለመዝጋት 28.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

አያችሁ ልዩነቱን? ይህ ሐሰተኛ ዲግሪ የሚሸጥ ቤት አይደለም። ከሳሾቹም ሰነፎች ነን አላሉም። ያሉት ከተነገረን ጊዜና ዋጋ በላይ ተጓዝን ነው። አሠራሩን ማሰብ አያስቸግርም። ክፍያው በየተርሙ ከሆነ ቆጣሪው እንደ ታክሲ ይሮጣል። ያቀረብከው ምዕራፍ አስተያየት ተሰጥቶበት የሚመለሰው ተርሙ ሊያልቅ ሲል ከሆነ፣ አስተካክለህ የምታስገባው በሌላ ተርም ነው፤ ሌላ ተርም ደግሞ ሌላ ክፍያ ነው። ወደ ኋላ እንዳትመለስ የከፈልከው ያሳዝንሃል፤ ወደፊት እንዳትሄድ መጨረሻው አይታይም። ለገበሬ በሬው አዘቅት ውስጥ እንደገባበት ማለት ነው።

አሁን ይህን ወደ ብር እንመንዝረው። ለምሳሌ ያህል ክፍያው በመንፈቅ 3,000 ዶላር ነው እንበል። 18 ወር ሦስት መንፈቅ ነው፤ 9,000 ዶላር። ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ በነበረ ጊዜ 513 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ከባድ ቢሆንም የሚሞክረው አይጠፋም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ግን ዶላር 100 ብርን ከተሻገረ ቆይቷል። ትምህርቱ ደግሞ 18 ወር ሳይሆን 4 ዓመት ከወሰደ ስምንት መንፈቅ ነው፤ 24,000 ዶላር። በ100 ብር ብቻ ብናሰላው 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር! ደመወዙ በብር የሆነ ሰው በዶላር የሚቆጥር ዕዳ ሲገባ የምንዛሪው መውጣትና መውረድም ከትምህርቱ ጋር አብሮ የተፈረመ ውል መሆኑን ማወቅ አለበት። ማስታወቂያው ይህን አይነግረውም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሕጋዊዎቹ ነው። አሁን ወደ ሌላው ጓዳ እንግባ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ አክዛክት ስለሚባል የፓኪስታን ኩባንያ አንድ ትልቅ ዘገባ አወጣ። መቀመጫው ካራቺ የሆነው ይህ ኩባንያ ቢያንስ 370 ድረ ገጾች ነበሩት፤ የዩኒቨርሲቲና የትምህርት ቤት ስም የለጠፉ ናቸው። ፎቶግራፍ ላይ የሚስቁት «ፕሮፌሰሮች» በገንዘብ የተቀጠሩ ተዋንያን ነበሩ። «ዕውቅና ሰጪ» የተባሉት ድርጅቶችም የራሱ የኩባንያው ፈጠራ ነበሩ። እባብ ጅራቱን ሲነክስ እንደማለት ነው፤ ራሱ ዩኒቨርሲቲ፣ ራሱ መርማሪ፣ ራሱ መስካሪ። ዋጋውም ተቆርጧል፦ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ 350 ዶላር፣ ዶክትሬት 4,000 ዶላርና ከዚያ በላይ። ከገዢዎቹ መካከል በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ብዙዎች ነበሩበት። ወደ ዱባይና ዶሃ ለሥራ የሚሄደው ወጣታችን ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

የሚያሳዝነው ክፍል ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ዲግሪውን ሸጠው አይለቁህም። ከዓመት በኋላ ስልክ ይደወላል፤ የመንግሥት ባለሥልጣን ነኝ የሚል ሰው «ማስረጃህ ሕጋዊ እንዲሆን ተጨማሪ ማረጋገጫ ክፈል፤ አለበለዚያ ትጋለጣለህ» ይላል። ደዋዩ እዚያው የሸጠልህ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዙ ቢቢሲ ባሰራጨው ዘገባ ሳውዲ አረቢያ የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እንዲህ እየተባለ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ መክፈሉ ተነግሯል። የሰረቀ ሰው ሲሰረቅ ወዴት ይጮሃል? ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ምን ሊል? ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ አሜሪካ ውስጥ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ2017 ጥፋቱን አምኖ 21 ወር ተፈርዶበታል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሴንት ሬጂስ የሚባል ነበር። አሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ስፖኬን ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት ከቤተሰባቸውና ከጥቂት ግብረ አበሮቻቸው ጋር ሆነው ከባችለር እስከ ዶክትሬት ሲቸበችቡ ኖሩ። «ዕውቅናችን ከላይቤሪያ መንግሥት ነው» ይሉ ነበር። ላይቤሪያ ያኔ ጦርነት የበላት አገር ነበረች፤ ለባለሥልጣኖቿ ጉቦ እየተሰጠ ስሟ መሸጫ ሆነ። ድሃ አገር ወርቋና አልማዟ ብቻ አይደለም የሚዘረፈው፤ ማኅተሟም ይዘረፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ተደረሰባቸው፤ በ2008 ባልና ሚስቱ 3፣ 3 ዓመት ተፈረደባቸው። ከዚያ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ የገዢዎቹ ስም ዝርዝር በዚያው ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ወጣ። ከ9,000 በላይ ስሞች! ሻጩ ሦስት ዓመት ታስሮ ይወጣል፤ የገዢው ስም ግን ከወረቀት ላይ አይፋቅም።

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው» የሚል ካለ ወደ ሰፈራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አንድ የናይጄሪያ ጋዜጠኛ ጎረቤት አገር ቤኒን፣ ኮቶኑ ካለ ዩኒቨርሲቲ በ6 ሳምንት ብቻ ዲግሪ ይዞ ዴይሊ ናይጄሪያን በተባለው ጋዜጣ ጉዱን አወጣው። በነጋታው ማለት ይቻላል፣ ጥር 2024 ላይ፣ የናይጄሪያ መንግሥት ከቤኒንና ከቶጎ ለሚመጡ ዲግሪዎች ማረጋገጫ መስጠቱን አገደ። ሙያችን ነውና ያንን ጋዜጠኛ ኮፍያችንን አንስተን እናመሰግነዋለን። ነገር ግን እዚያው ኮቶኑ አራት ዓመት በሐቅ የተማረ ናይጄሪያዊም አብሮ ተመታ። የአቋራጭ ዲግሪ ጉዳት ገዢው ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ሌሊት ሻማ አብርቶ የተማረውም «አንተስ ከየት ገዛኸው?» መባል ይጀምራል።

በሌላ በኩል ግን የርቀት ትምህርት ሁሉ ሐሰት ነው የሚል አጉል ድምዳሜ ላይ እንዳንደርስ። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ፣ የተከበረ ቤት ነው። አቶ መለስ ዜናዊ ሥልጣን ላይ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1995 ኤም.ቢ.ኤ. የያዙት ከዚያ ነው። ፖለቲካቸውን ስንወቅስ ኖረናል፤ ዲግሪው ግን እውነተኛ ነበር። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳም ለዓመታት ኢትዮጵያውያንን በርቀት ሲያስተምር የኖረ ነው። ከነዚህ ቤቶች የተመረቀ ሰው ቢኖር ጠይቁት፤ ቀላል ነበር የሚል አይገኝም።

በእውነት ያጠረ መንገድስ የለም ወይ? አለ። በእንግሊዝ አገር በታተሙ ሥራዎች የሚሰጥ ፒ.ኤች.ዲ. አለ። ዓመታት የፈጀ ጥናት አስቀድመህ በደህና መጽሔቶች ያሳተምክ ከሆነ፣ እነዚያን አሰባስበህ አንድ ማብራሪያ ጽፈህ ትከላከላለህ፤ በአንድ ዓመት አካባቢ ሊያልቅ ይችላል። ያጠረው ግን ምዝገባው ነው እንጂ ሥራው አይደለም፤ ሥራው ቀድሞ አልቋል። ሌላው ለሥራ መሪዎች የተዘጋጀው ነው። የአሜሪካው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እንዲህ ያለ የቢዝነስ ዶክትሬት ይሰጣል፤ 3 ዓመት ነው፤ ተማሪዎቹ በየጊዜው በአካል እየተሰበሰቡ ይማራሉ። ክፍያው ለኛ ኪስ የሚቀመስ አይደለም። ልብ ማለት ያለብን ግን ይህ ነው፦ ገንዘብ ያላቸው፣ በድርጅታቸው የሚታገዙ፣ ቤተ መጻሕፍቱና አማካሪው ያልጎደለባቸው የአሜሪካ ሥራ አስኪያጆች በ3 ዓመት የሚጨርሱትን ነው የኛ ማስታወቂያ በ18 ወር የሚለን።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ። አንዳንድ ቤቶች «ፈቃድ አለን» ሲሉ የሚያሳዩት የንግድ ፈቃድ ነው። የንግድ ፈቃድ ሱቅ ለመክፈት ነው። ዲግሪ ለመስጠት የሚያስፈልገው ዕውቅና ሌላ ነው፤ ያውም ለዚያው ፕሮግራም፣ ለዚያው ደረጃ፣ ለዚያው የማስተማሪያ ስልት። በኤም.ቢ.ኤ. ዕውቅና ያገኘ ቤት በዚያው ወረቀት ዶክትሬት መስጠት አይችልም። የውጭ አገር ዲግሪን አቻነት የሚመረምረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ጓደኛችንን «ከመክፈልህ በፊት እዚያ ጠይቀሃል?» ስንለው «ከጨረስኩ በኋላ ነው የሚጠየቀው» አለን። ከብት ከገዙ በኋላ ጥርስ ማየት!

ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱንም ዝም ብለን አናልፈውም። የግል ኮሌጆችን እንደገና በመመዝገብ ሲያጣራ አይተናል፤ ሥራው ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ተራ ሰው «ይህ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እዚህ ይታወቃል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ቢሮ ለቢሮ ሳይንከራተት በአንድ ቀን መልስ ማግኘት አለበት። የሐሰት ሻጩ በ5 ደቂቃ መልስ ይሰጣል፤ ያውም በትሕትና። መንግሥት ከዚህ ሰው ጋር ነው የሚፎካከረው።

ከዚህ የባሰው ግን ከላይ ያለው ነው። በየክልሉ በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የተቀጠሩ ተያዙ ሲባል በየጊዜው እንሰማለን። ይጣራ፤ ማንም አይቃወምም። ግን የሚጣራው የማን ነው? የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማስረጃ ተበርብሮ፣ ስብሰባ እየመራ፣ አገር እየዞረ፣ ሪባን እየቆረጠ በሁለት ዓመት «ዶ/ር» የሆነው ሹም ማስረጃ ለምን አይታይም? ከላይ በሠራነው ሂሳብ ያ ሹም 2,700ውን ሰዓት ከየት አመጣው? ከሥራው ሰዓት ከሆነ ደመወዙን የከፈልነው እኛ ነን። ከእንቅልፉ ከሆነ ጽሁፉን ያሳየንና እናድንቅለት። የዶክትሬት ጽሁፍ የቤተሰብ ምስጢር አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍት የሚቀመጠው ማንም እንዲያነበው ነው። ጀርመን አገር የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ካርል ቴዎዶር ዙ ጉተንበርግ የዶክትሬት ጽሁፋቸው ከሌላ ሰው የተገለበጠ መሆኑ ሲጋለጥ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ሥልጣናቸውን ለቀዋል። የሃንጋሪው ፕሬዚዳንት ፓል ሽሚትም በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ምክንያት ወረዱ። የኛዎቹ ጽሁፍ የት ነው የሚነበበው?

በየዩኒቨርሲቲው ደጃፍ፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ «የመመረቂያ ጽሁፍ እናማክራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ስታዩ ማማከር የተባለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን የስልክ ቁጥር ፖሊስም ያየዋል፣ ዲኑም ያየዋል። ከሥራ አጥ ምሩቃን አንዳንዱ በጥቂት ሺህ ብር ለሌላው ሰው ማዕረግ ይጽፋል፤ ራሱ ግን ሥራ ፈላጊ ነው። እሱን ለመውቀስ አንደበታችን አይፈታም። የሚጽፈው እሱ፣ የሚሾመው ሌላው!

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ያን ዕለት «ተው» አላልነውም፤ ትልቅ ሰው ነው። የብድር ደንበኛ ቢሆን የምትጠይቀውን ጠይቀው ብቻ ነው ያልነው። ከዚህ በፊት ከገቡት ተማሪዎች መካከል ስንቱ ጨረሰ? በአማካይ ስንት ዓመት ፈጀባቸው? በ18 ወር ባልጨርስ ከዚያ በኋላ በየመንፈቁ የምከፍለው ስንት ነው? አማካሪዬ የሚሆነው ሰው ስሙ ማነው፣ ምንስ አሳትሟል? የተመረቀ አንድ ሰው ጽሁፍ ላንብብ። እዚያው ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ በቴሌግራም ጻፈላቸው።

መልሱ በ5 ደቂቃ መጣ። «ክቡር ዶክተር» ብሎ ይጀምራል። ስለ ጨረሱት ሰዎች ቁጥር ምንም አይልም። ስለ አማካሪው «ዓለም አቀፍ ፕሮፌሰሮች አሉን» ይላል። የተመራቂ ጽሁፍ «ለደንበኞቻችን ምስጢር ሲባል» አይሰጥም። ከሥር የባንክ ሂሳብ ቁጥርና ቅናሹ ዓርብ እንደሚያበቃ የሚያስታውስ መስመር አለ። ጓደኛችን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህን ፋይል አንድ ተበዳሪ ቢያመጣልኝ አልፈርምለትም ነበር» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ዓርብ አለፈ። ሰኞ ጠዋት ሌላ መልዕክት ደረሰው፤ ቅናሹ ለእሱ ብቻ ተብሎ እስከ ወሩ መጨረሻ ተራዝሟል። ይህ ጽሁፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከገባበት ሰዓት ድረስ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ነው፤ የባለቤቱ ዕቁብም ገና አልደረሳትም።